«ይሄማ የግሸን መንገድ ነው»

እንግሊዞች ልጆቻቸውን ያሳደጉበት አንድ የሥዕል መጽሐፍ አለ። ማይክል ሮዘን ጽፎት፣ ሄለን ኦክሰንበሪ ሥላው በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ታሪኩ አጭር ነው፤ አንድ ቤተሰብ ከነውሻው ድብ ፍለጋ ይወጣል። ረጅም ሣር፣ ወንዝ፣ ጭቃ፣ ጫካና የበረዶ ውሽንፍር ይገጥመዋል። አንዱንም መዝለል አይቻልም፤ መሀል ለመሀል ማለፍ ብቻ። ዋሻ ውስጥ ድቡን ሲያገኙት ግን እግሬ አውጪኝ ነው!

መጽሐፉን ተከትለው ከልጆቻቸው ጋር በእግር የሚወጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሰውን ቤት ሲያስቀምጥ፣ በብዙ አገር ሰዎች የአሻንጉሊት ድብ መስኮታቸው ላይ አስቀመጡ። ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር በሰፈሩ እየዞሩ «አደኑ»።

እኔ ታሪኩን ለእህቴ ልጆች በአማርኛ ስተርክላቸው አያቴ ከጎን ያዳምጡ ነበር። ጭቃው ላይ ስንደርስ ሳቁና «ይሄማ የግሸን መንገድ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ለመስከረም 21 ንግሥ በእግር ሄደዋል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሣሩ ልጅ ይውጣል፣ ወንዙ ሙሉ ነው፣ ጭቃው አይለቅም፣ ማታ ብርዱ አለ። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው። የመጽሐፉ ቤተሰብ ሮጦ ቤቱ ይገባል፤ የእሳቸው ግን ይደርሳል።

ግሸን ደብረ ከርቤ አምባሰል ውስጥ ያለች የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ ናት። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ያረፈው እዚያ ነው። የነገሥታት ልጆችም ዙፋን እንዳይሻሙ እዚያው ይጠበቁ ነበር። የዚህ ወሬ ባሕር ተሻግሮ፣ ኢትዮጵያን አይቶ የማያውቀው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. «ራሴላስ»ን ጽፎበታል።

ጥቅምት ላይ፣ የበዓሉ ግፊያ ካለፈ በኋላ፣ ልጆቹን ይዘን ሄድን። አገራችን ድብ ስለሌላት ልጆቹ በጅብ ተኩት። ለየመሰናክሉም ድምፅ አወጡለት፤ ሣሩ ሿ ሿ፣ ጅረቱ ቦጨቅ ቦጨቅ፣ ጭቃው ጨቅ ጨቅ። አያቴ ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ከታች መኪናው ጋር ቀሩ። ዳገቱን ወጥተን ስንመለስ ልጆቹ እየተሻሙ ነገሯቸው። እሳቸውም በየመሀሉ «እዚያ ጋ ድንጋይ የለም?» እያሉ ይጠይቃሉ። ከዚያ በፊት ነግረውን የማያውቁትን፣ እናታቸው አዝለው ያሻገሯቸውን ወንዝ ያነሡት ያኔ ነው።

አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው አጡ። የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሥዕል መጽሐፍ አድርገው አሳተሙ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ።

ሁላችንም ቤተ መጻሕፍት አንከፍትም። የአያትን መንገድ ግን በስልክ መቅዳት ይቻላል። የእህቴ ልጆች አሁን ደብተራቸው ላይ ለየመሰናክሉ አንድ ገጽ እየሣሉ ነው። እናንተም ለሽርሽር ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ያሉትን ትልቅ ሰው «በልጅነትዎ በእግር የት ሄደዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ልጆቹን ይዛችሁ በዚያው መንገድ ሂዱ።