ሽቦን በምድር ውስጥ ስለሚቀብር ማረሻና ቦይ ስለሚቈፍር መኪና

የስልክና የኤሌክትሪክ ሽቦ በምሰሶ ላይ ተዘርግቶ ማየት የተለመደ ነገር ነው። ነገር ግን በዓይን የማይታይ ብዙ ሽቦና ብዙ ቧንቧ ከሰው እግር በታች ተቀብሮ ይገኛል። የተቀበረውን ሽቦ ነፋስ አይጥለውም፤ ዛፍም ወድቆ አይበጥሰውም። እንዲህ ያለውን መሥመር ለመቅበር በቀድሞ ዘመን ሥራው ሁሉ የዶማና የአካፋ ነበር። ዛሬ ግን ሁለት ዓይነት መሣሪያዎች ይሠሩታል። አንደኛው አፈሩን እየቈፈረ ወደ ውጭ የሚያወጣው የቦይ መቈፈሪያ መኪና ነው፤ ሁለተኛው አፈሩን ሳያወጣ ምድሩን ሰንጥቆ ሽቦውን በስንጥቁ ውስጥ የሚያኖረው የኬብል ማረሻ ነው። ኬብል ማለት አንድ ወይም ብዙ ሽቦ በውስጡ ይዞ በልባስ የተሸፈነ ገመድ ነው።

የኬብሉን ማረሻ አሠራር ለመረዳት ለገበሬ ልጅ ከከተማ ልጅ ይልቅ ይቀለዋል። የኢትዮጵያ ገበሬ ማረሻ አፈሩን አይገለብጥም፤ ብረቱ ምድሩን ይሰነጥቃል፥ በግራና በቀኝ ያሉት ድግሮችም የተሰነጠቀውን አፈር ወደ ጐን ይገፉታል። እንግዲህ ድግሮቹ ቢወልቁ፥ ብረቱም ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲወርድ ሆኖ እጅግ ቢረዝም፥ ውፍረቱ ግን ቢሳሳ፥ የኬብል ማረሻ ማለት ይህ ነው። ከስለቱ በስተኋላ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቱቦ አለ። ኬብሉ ከጥቅልሉ እየተፈታ በዚህ ቱቦ ይገባና በስለቱ ግርጌ ይወጣል፤ ማረሻው ወደ ፊት ሲሳብ ኬብሉ በኋላው ተኝቶ ይቀራል። ስንጥቁ ጠባብ ስለ ሆነ የትራክተር ጐማ ቢሄድበት መልሶ ይገጥማል። መሣሪያው ካለፈ በኋላ በሜዳው ላይ የሚታየው እንደ ጠባሳ ያለ አንድ ቀጭን መሥመር ብቻ ነው።

ይህ አሳብ የዛሬ አይደለም። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1843 ዓመተ ምሕረት የአሜሪካ ምክር ቤት ለሳሙኤል ሞርስ ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር፥ 64 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን፥ የቴሌግራፍ መሥመር እንዲዘረጋ 30,000 ዶላር ፈቀደለት። ሞርስ አስቀድሞ ያሰበው ሽቦዎቹን በእርሳስ ቧንቧ ውስጥ አድርጎ በምድር ለመቅበር ነበር። ሥራውን በኮንትራት የያዘው ፍራንሲስ ስሚዝ ቦዩን የሚቈፍር አንድ መሣሪያ፥ አፈሩን የሚመልስ ሌላ መሣሪያ ለማሠራት ሲያስብ ሳለ፥ እየዞረ ማረሻ ይሸጥ የነበረ ኤዝራ ኮርኔል የሚባል ሰው ወደ እርሱ መጣ። ኮርኔል ነገሩን ከሰማ በኋላ ሁለት መሣሪያ እንደማያስፈልግ አስረዳው፤ አንድ ማረሻ ምድሩን ቢሰነጥቅና ቧንቧውን ቢያኖር፥ አፈሩ በራሱ ተመልሶ ይከደናል። መሣሪያውንም ራሱ ሠራው።

በዚያው ዓመት በመከር ማረሻው በበቅሎዎች እየተሳበ ከባልቲሞር ተነሥቶ በባቡር ሐዲድ አጠገብ ይሄድ ጀመር። ሥራው ፈጣን ነበር። ነገር ግን የሚቀበረው ዕቃ ጕድለት ነበረበት፤ ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ የሚለያቸው ልባስ መጥፎ ስለ ነበረ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው ያመልጥ ነበር። ይህም የታወቀው ብዙ ቧንቧ ከተቀበረ፥ ከገንዘቡም ብዙው ካለቀ በኋላ ነው። ሞርስ ሥራውን ቢያስቆም ጋዜጦች ምክንያቱን ጽፈው እንዳያዋርዱት ስለ ፈራ፥ ነገሩን ለኮርኔል በምስጢር ነገረው። ኮርኔልም በቅሎ ነጂዎቹ እንዲፈጥኑ ከጮኸባቸው በኋላ ማረሻውን ሆን ብሎ ከድንጋይ ጋር አጋጭቶ ሰበረው። ሰዎችም ሥራው የቆመው መሣሪያው ስለ ተሰበረ ነው ብለው አመኑ። ጥፋት የሌለበት ማረሻ የልባሱን ጥፋት ተሸከመ ማለት ነው። ይህ ተንኰል ሞርስን ለጊዜው ከወሬ አድኖታል፤ የተቀበረውን ሽቦ ግን አላዳነውም።

በብርዱ ወራት ኮርኔል ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፉ መጻሕፍትን ሲያነብ ከረመ። በመጨረሻም ሽቦው በምሰሶ ላይ እንዲሰቀል ተቈረጠና በ1844 ዓመተ ምሕረት በሜይ 24 ቀን የመጀመሪያው መልእክት ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር ተላከ። ኮርኔል ኋላ በቴሌግራፍ ሥራ ባለጸጋ ሆኗል፤ በ1865 ዓመተ ምሕረት በኒውዮርክ ክፍለ አገር የተመሠረተውም ዩኒቨርሲቲ በስሙ ይጠራል። ሽቦን ለመቅበር የጐደለው ልባስ ግን ብዙ ሳይቈይ መገኘት ጀመረ። በ1847 ዓመተ ምሕረት በጀርመን አገር ቬርነር ሲመንስ ጉታፐርካ የሚባለውን የዛፍ ሙጫ ያለ ስፌት በሽቦ ላይ የሚያለብስ መጭመቂያ ሠራ። ዛሬ ብዙው ኬብል በላዩ የሚለብሰው ፖሊኤቲሊን የሚባለውን ፕላስቲክ ነው።

ማረሻ በሁሉ ምድር አይሄድም። ድንጋይ በበዛበት ስፍራ ስለቱ ይጣመማል፤ ወፍራም ቧንቧም በጠባብ ስንጥቅ አይገባም። እንዲህ በሆነ ጊዜ መቈፈር ግድ ነው። ለዚህ ሥራ ከተሠሩት መኪናዎች አንዱ በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ አገር ጄምስ ሂል የተባለ ሰው ያወጣው በእንፋሎት የሚሠራ መኪና ነው፤ የፈጠራ መብቱም በ1894 ዓመተ ምሕረት ተሰጥቶታል። ይህ መኪና በትልቅ መንኰራኵር እየቈፈረ ረግረጋማውን የእርሻ ምድር የሚያደርቁ የሸክላ ቧንቧዎች የሚገቡበትን ቦይ ያወጣ ነበር። ትልቅነቱ ግን ለሜዳ እንጂ ለሰው ግቢ አልተመቸም።

ለግቢ የሚሆነውን ትንሽ መኪና የሠራው በኦክላሆማ ክፍለ አገር በፔሪ ከተማ ይኖር የነበረው ኤድ ማልዛን ነው። አያቱ ከጀርመን መጥቶ በዚያ ከተማ የብረት ሥራ ቤት ከፍቶ ነበር። ኤድ ማልዛን ወደ አንድ ቤት ውኃ ለማስገባት ሰዎች በዶማና በአካፋ ሲደክሙ አይቶ፥ ማለቂያ በሌለው ሰንሰለት ላይ ጥፍር ያላቸው ትንንሽ ባልዲዎች የታሠሩበት መኪና አወጣ፤ በ1949 ዓመተ ምሕረትም ዲች ዊች በሚባል ስም ለሽያጭ ቀረበ። ዛሬ በብዙ መኪናዎች ላይ ያለው ሰንሰለት በባልዲ ፈንታ ጠንካራ ጥርስ አለው። ነገሩ የብስክሌትን ሰንሰለት ይመስላል፤ ሰንሰለቱ በረዥም የብረት ክንድ ዙሪያ ይሽከረከራል፥ ክንዱ ወደ ምድር ሲወርድ ጥርሶቹ አፈሩን እየቧጠጡ ወደ ላይ ያወጡታል፥ ጠመዝማዛ ብረትም የወጣውን አፈር ወደ ቦዩ ዳር ይገፋዋል። ቦዩ ከተደፈነ በኋላ አፈሩ በሚገባ ካልተጠቀጠቀ በክረምት ዝናብ ይሰምጣል፤ ይህን የሚዘነጋ ሠራተኛ በየአገሩ አይጠፋም።

መኪናው ከዶማ መፍጠኑ ብቻ አይደለም ጥቅሙ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 15 ኩንታል ያህል ይመዝናል። የጥልቅ ቦይ ግድግዳ የሚደረመሰው ሳያስጠነቅቅ ነው፤ አፈሩ እስከ ደረቱ ብቻ የሸፈነው ሰው እንኳ ደረቱ ስለሚጨመቅ መተንፈስ አቅቶት ሊሞት ይችላል። በአሜሪካ ሕግ 5 ጫማ፥ ይኸውም አንድ ሜትር ተኩል ያህል፥ ወይም ከዚያ በላይ ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ፥ ምድሩ ሁሉ ጽኑ ዐለት ካልሆነ በቀር፥ ግድግዳው ሳይደገፍ ወይም ወደ ጐን ሳይዘቀዘቅ ሰው እንዲገባ አይፈቀድም። ማረሻው ወይም ጠባቡ የሰንሰለት መኪና በሚሠራበት ስፍራ ግን ሰው ወደ ቦይ መውረድ አያስፈልገውም። ከድካምና ከጊዜ ይልቅ መኪናው ለሰው ያተረፈለት ይህ ነው።

ቀጥ ያለ ስለት በጠነከረ ምድር ለመሳብ ታላቅ ኀይል ይጠይቃል። ስለዚህ በሞተር ኀይል ስለቱን ወደ ላይና ወደ ታች ቶሎ ቶሎ የሚነቀንቅ ማረሻ ተሠርቷል። ችካል የሚተክል ሰው ዝም ብሎ ቢጫነው ችካሉ አይገባለትም፤ እየነቀነቀ ቢገፋው ግን ይገባለታል። እንደዚሁም የሚነቀነቀውን ስለት ትንሽ ትራክተር ሊስበው ይችላል።

ሆኖም ማረሻው የሚሠራው ሥራ ከዓይን የተሰወረ ስለ ሆነ ጥንቃቄው አስቀድሞ መሆን አለበት። ስለቱ በቆመበት ወደ ምድር ቢጫን ወይም ትራክተሩ ወደ ኋላ ቢመለስ ኬብሉ ከታች ይታጠፋል፥ ይህንንም ከላይ ያለው ነጂ አያየውም። ስለዚህ በመነሻው ስፍራ ትንሽ ጕድጓድ ይቈፈርና ስለቱ በእርሱ ውስጥ ይወርዳል። በተለይ ፋይበር ኦፕቲክ የሚባለው፥ መልእክትን በብርሃን የሚያስተላልፈው የመስተዋት ክር፥ መታጠፍን አይታገሥም። በሚሳብበት ጊዜ የሚዞርበት ክብ፥ ከመካከሉ እስከ ዳሩ ሲለካ፥ የኬብሉን ውፍረት 20 ጊዜ ያህል መሆን አለበት፤ 15 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ኬብል ቢሆን 30 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ጥንቁቅ ሠራተኞች ኬብሉን በጥቅልሉ ሳለ ይመረምሩታል፥ ከተቀበረም በኋላ ደግመው ይመረምሩታል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ቀድሞ የተቀበረውን መሥመር መምታት ነው። ስለቱ የኤሌክትሪክ ኬብል ቢቈርጥ ነጂውን ሊገድል ይችላል፤ የጋዝ ቧንቧ ቢበሳ እሳት ይነሣል። በአሜሪካ አገር ከ2007 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ መሬት ሊቈፍር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ በ811 ቍጥር ይደውላል፤ የመሥመሮቹ ባለቤቶችም በመሬቱ ላይ በቀለም ምልክት ያደርጉለታል። ቀይ የኤሌክትሪክ፥ ቢጫ የጋዝ፥ ሰማያዊ የሚጠጣ ውኃ፥ ብርቱካንማ የስልክና የመሰለው ምልክት ነው። ከምድር በታች ያለውን የሚፈልገው መሣሪያ የሚያገኘው ብረትን ነው፤ መስተዋትና ፕላስቲክ ብቻ የሆነውን ኬብል አያገኘውም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ኬብል ሲቀበር ኋላ የሚፈልገው ሰው እንዲያገኘው አንድ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አብሮት ይቀበራል።