ጭነቱን ሲያራግፍ የሚያስቸግር መርከብ

መንገድ ባልገባበት፣ አውሮፕላን ማረፊያ በሌለበት ቦታ ከባድ ጭነት በአየር መርከብ የማድረስ ሐሳብ የቆየ ነው። በየጊዜው አንድ ኩባንያ ብቅ ይላል፣ የሚያምር ሥዕል ያሳያል፣ ገንዘብ ይሰበስባል፤ አብዛኛው ግን እዚያው ይቀራል። ብዙ ሰው ሰበቡን እሳት ያደርገዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ የጋየው የአየር መርከብ ሂንደንበርግ ከአእምሮ አይጠፋምና። እሱ ግን የተሞላው በሃይድሮጅን ነበር። የዛሬዎቹ የሚሞሉት በማይቃጠለው ሂሊየም ነው፤ ችግሩ ግን አልተፈታም።

አንድ ሜትር ኪዩብ ሂሊየም በባሕር ጠለል አካባቢ የሚያነሳው አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። መቶ ቶን ለማንሳት መቶ ሺህ ሜትር ኪዩብ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ከዚያ ላይ የመርከቡ አካል፣ ሞተሩና ነዳጁ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ያው መርከብ አዲስ አበባ ላይ የሚያነሳው ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚያነሳው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል።

ዋናው ራስ ምታት የሚጀምረው ጭነቱ ሲወርድ ነው። መርከቡ የሚንሳፈፈው ክብደቱና የጋዙ የማንሳት ኃይል ስለተመጣጠኑ ነው። ሃምሳ ቶን ካወረዱለት በሃምሳ ቶን ኃይል ወደ ላይ ልሂድ ይላል። ወይ ውዱን ሂሊየም መልቀቅ፣ ወይ በጭነቱ ልክ ውሃ መሙላት ነው። መንገድ እንኳ በሌለበት በረሃ ሃምሳ ቶን ውሃ ከየት ይመጣል? ሥዕሎቹ ይህን አያሳዩም።

ነዳጅ ሲያልቅም መርከቡ ይቀላል። እዚህ ላይ የድሮዎቹ መሐንዲሶች ብልሃት ያስደንቃል። በ1929 ዓለምን የዞረው ግራፍ ዜፕሊን ሞተሮቹን ያንቀሳቅስ የነበረው ክብደቱ ከአየር ጋር በተቀራረበ ብላውጋስ በተባለ ጋዝ ነው፤ ጋዙ ሲቃጠል ቦታውን አየር ስለሚይዝ ሚዛኑ ብዙም አይናጋም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከቦች አክሮንና ሜከን ደግሞ የሞተር ጭስ አቀዝቅዘው ውሃ ያጠራቅሙ ነበር።

ካርጎሊፍተር የተባለ የጀርመን ኩባንያ 160 ቶን የሚሸከም መርከብ እሠራለሁ ብሎ፣ ከበርሊን በስተ ደቡብ 360 ሜትር የሚረዝም ሃንጋር አቆመ። መርከቡ ሳይሠራ በ2002 ከሰረ። ሃንጋሩ ዛሬ የመዋኛ መዝናኛ ሆኗል።

መርከቡ ቢሠራም የበረራ ብቃት ማረጋገጫ ማግኘት ይቀረዋል። ማረጋገጫው ለምን ጥብቅ እንደሆነ ለመረዳት የእንግሊዙን አር 101 ማየት ይበቃል። በሙከራ የማንሳት አቅሙ አንሶ ሲገኝ መሃሉን ቆርጠው ተጨማሪ የጋዝ ክፍል አስገቡበት። ከዚያ ወዲህ ለሙከራ የበረረው አንዴ ብቻ ነው፤ በሙሉ ፍጥነትም አልተፈተነም። የአየር ሚኒስትሩ ሎርድ ቶምሰን ሕንድ ደርሰው በጊዜ ለመመለስ ቸኩለው ነበር፤ ጊዜያዊ ፈቃድ ተሰጠውና ተነሣ። ኦክቶበር 5 ቀን 1930 ሌሊት ፈረንሳይ ውስጥ ቦቬ አጠገብ ወደቀ። ከተሳፈሩት 54 ሰዎች ሚኒስትሩን ጨምሮ 48ቱ ሞቱ። እንዲህ ያለ ፈቃድ፣ በእኔ እይታ፣ ከነጭራሹ ፈቃድ ካለመኖሩ የከፋ ነው፤ ተሳፋሪው ተመርምሯል ብሎ ያምናልና።

በመሬት ላይ ያለው ጣጣም ቀላል አይደለም። 92 ሜትር የሚረዝመው የእንግሊዙ ኤርላንደር 10 የማንሳት ኃይሉን ከፊል ከሂሊየም፣ ከፊል ከቅርጹ የሚያገኝ ድቅል ነበር፤ ስለዚህ የሚዛኑ ጉዳይ ይቀልለት ነበር። ይሁንና በ2017 ማንም ሳይሳፈርበት ከታሰረበት ምሰሶ ተላቀቀ፤ የደኅንነት መሣሪያውም እንዳይነጉድ ሲል ገላውን ቀዶ ጋዙን አስተነፈሰው። ያን ያህል ግዙፍ ነገር በንፋስ ቀን የት እንደሚያድር ያላሰበ ባለሀብት ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል።

ፈተናውን አልፎ መንገደኛ የሚያጓጉዘው ዜፕሊን ኤንቲ 75 ሜትር ነው፤ መጀመሪያ የበረረው በ1997 ነው። ሆን ተብሎ ከአየር ትንሽ እንዲከብድ ተደርጓል፤ የቀረውን ክብደት ወደ ላይም ወደ ታችም የሚዞሩ ፕሮፔለሮቹ ይሸከማሉ። የሚጭነው ግን ጥቂት ጎብኚዎችን ነው።