ሰዓት ብቻውን ዶፒንግን አያጋልጥም

በበርበሬ በረንዳ ሱቆች ደጃፍም ሆነ በስታዲየም ወንበሮች ላይ፣ የሩጫ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለት ወገን ይከራከራል። አንዱ «ያለ መድኃኒት ይሄ ሰዓት አይመጣም» ይላል፤ ሌላው «ስንቴ ተመርምራ ነጻ ናት ተብሏል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ማስረጃ አልያዙም።

አልማዝ አያና በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ጨርሳ፣ ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ በ1993 የያዘችውን ክብረ ወሰን በ14.33 ሰከንድ አሻሻለች (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣት የተቀሰረባት በሰዓቷ ምክንያት ነበር። ሰዓቱ ግን የማይደረስበት አልነበረም፤ የጫማ ቴክኖሎጂ መለወጡ ድርሻ ቢኖረውም፣ በ2021 ለተሰንበት ግደይ 29:01.03 ሮጠች፤ በ2024 ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት ከ29 ደቂቃ በታች ገባች።

ምርመራ ማለፍም ዋስትና አይሆንም። ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 ሰባት ጊዜ ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ፤ በ2012 ሰባቱንም ተነጠቀ፤ በ2013 ጥፋቱን አመነ።

ዶፒንግ የሚጠቀሙ ከምርመራ እንዴት ያመልጣሉ? ኢፒኦ ኩላሊት የሚያመነጨው ሆርሞን ነው፤ መቅኒ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያመርት ያዛል። በመርፌ የተወሰደው ኢፒኦ በቀናት ውስጥ ከሽንት ይጠፋል፤ ያስመረተው ሕዋስ ግን እስከ አራት ወር ገደማ ይቆያል፣ ለጡንቻም ኦክስጅን ያመላልሳል።

በ2008 በብስክሌት ስፖርት የተጀመረው የደም ፓስፖርት ስለዚህ መድኃኒቱን ሳይሆን ዱካውን ይፈልጋል። ሄሞግሎቢንንና ሬቲኩሎሳይት የሚባሉትን ጨቅላ ቀይ ሕዋሳት ይለካል። መርፌው ሲወሰድ ሁለቱም ይጨምራሉ። ሲቆም ሰውነት ደሙ እንደበዛ ያውቅና የራሱን ኢፒኦ ይቀንሳል፤ ሄሞግሎቢኑ ከፍ እንዳለ ጨቅላዎቹ ያሽቆለቁላሉ። ልምድ ያለው የበርበሬ ነጋዴ የአቅራቢውን ጆንያ ከዚያው አቅራቢ የቀድሞ ጆንያ ጋር እንደሚያስተያይ፣ ፓስፖርቱም አትሌቷን የሚመዝነው ከራሷ የቀድሞ ደም ጋር ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ሊጨምር ይችላል፤ የሰውነት ውኃ ማነስ ደሙን ያወፍረዋል፤ በጥቂት በጥቂቱ የተወሰደ ኢፒኦ ደግሞ ሊሰወር ይችላል። «ደጋ ስለሆንን ደማችን ወፍራም ነው» የሚለው መከላከያም አያዛልቅም። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወንዶች አማካይ ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር 15.9 ግራም ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በቆላ ካለ ሰው ብዙም አይለይም። በሌሎች የአገሪቱ ደጋዎች የተሠሩ ጥናቶች የተለየ ውጤት ስላሳዩ፣ አንድ ቁጥር ለሁሉም ኢትዮጵያዊ አይሠራም።

በአልማዝ ላይ የተረጋገጠ የዶፒንግ ጥፋት የለም። በኢፒኦ የተቀጡ ኢትዮጵያውያን ሯጮች መኖራቸውም እውነት ነው። ተመልካቹ ይጠርጥር፣ መብቱ ነው። የስፖርት ጋዜጠኛው ግን ሰዓት ቆጥሮ ከመፍረዱ በፊት አትሌቷ ከውድድር ውጭ ስንት ጊዜ ለምርመራ ደም እንደሰጠች ይጠይቅ።