ብግነትና የአራስ ሕፃን አንጎል

በወሊድ ጊዜ ኦክስጅን ያጠረው አራስ አንጎሉ የሚጎዳው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ዙር ነው። እትብቱ ሲጨመቅ ወይም የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው ሲላቀቅ ለጽንሱ የሚደርሰው ደምና ኦክስጅን ይቀንሳል። የአንጎል ህዋሳት ጉልበት ያልቅባቸዋል። ግሉታሜት የተባለው መልእክተኛ ኬሚካል ከልክ በላይ ይፈስና ካልሲየም ወደ ህዋሳቱ ይጎርፋል፤ አንዳንዶቹም እዚያው ይሞታሉ። ሕፃኑ ተወልዶ አምቡ ባግ በተባለ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ሲሰጠውና የልብ ምቱ ሲመለስ ከቀሩት ህዋሳት ብዙዎቹ ያገግማሉ፤ ለጥቂት ሰዓታት ነገሩ ያለፈ ይመስላል። ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ግን ሁለተኛው ዙር ይመጣል፦ የህዋሱ የጉልበት ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ይከሽፋል፣ አንጎል ያብጣል፣ ሕፃኑን ያንቀጠቅጠዋል። ከመጀመሪያው ዙር የተረፉ ህዋሳት በቀጣዮቹ ቀናት ይሞታሉ።

ሕክምና የሚገባው በሁለቱ ዙሮች መካከል ባለችው ፋታ ነው። በኒውዚላንድ ኦክላንድ አሊስቴር ጋንና ባልደረቦቻቸው በ1997 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ለጊዜው የተቋረጠበትን የበግ ጽንስ ጭንቅላት ለሦስት ቀን ያህል በማቀዝቀዝ ብዙ ህዋሳትን ከሞት ማትረፍ እንደሚቻል አሳዩ። ከ2005 ጀምሮ የወጡ ትልልቅ ሙከራዎች ዘዴው ለሕፃናትም እንደሚጠቅም አረጋገጡ። የሕፃኑ ሙቀት በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ 33.5 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ይወርዳል፤ ለ72 ሰዓት እዚያው ይቆይና ቀስ ተብሎ ይመለሳል። 11 ሙከራዎችንና ከ1,500 በላይ ሕፃናትን አንድ ላይ የመረመረ የ2013 ግምገማ፣ ሕክምናው ለ7 ሕፃናት ቢሰጥ አንዱን ከሞት ወይም ከከባድ የእድገት ጉዳት እንደሚያድን አስልቷል። በሕክምና ዓለም ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ያም ሆኖ ማቀዝቀዙ ተደርጎላቸው የሚሞቱ ወይም ጉዳት ይዘው የሚቀሩ ሕፃናት ብዙ ናቸው።

ለዚህ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ የመጣው ከስዊድን ጎተንበርግ ነው። በዚያ ሄንሪክ ሃግበርግ እና ካሪና ማላርድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲመረምሩ የኖሩት ከመታፈኑ በፊት በሕፃኑ ሰውነት ውስጥ ምን እንደነበረ ነው። ማላርድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኦክላንድ ከነጋን ጋር በበግ ጽንስ ላይ የሠሩ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ናቸው። በዘርፉ የተለመደው ሙከራ በ7 ቀን የአይጥ ግልገል ላይ የሚደረግ ነው፤ ወደ ጭንቅላት ከሚወጡት ሁለት ዋና ደም ቅዳዎች አንዱ ይታሰርና ግልገሉ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ኦክስጅን ያለበት አየር እንዲተነፍስ ይደረጋል። የጎተንበርጉ ቡድን በ2001 ባወጣው ሥራ በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመረ። ከኦክስጅን እጥረቱ ጥቂት ሰዓታት አስቀድሞ ግልገሎቹ ኢንዶቶክሲን ተወጉ፤ ይህ የአንዳንድ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋን ክፍል ነው። መጠኑ ለብቻው አንጎላቸውን የሚጎዳ አልነበረም። አጭሩ የኦክስጅን እጥረትም ለብቻው ያደረሰው ትንሽ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ጉዳቱ ከባድ ሆነ።

ነገሩን ያወሳሰበው የሰዓት ጉዳይ ነው። ያው ቡድን በኋላ እንዳሳየው ኢንዶቶክሲኑ ከኦክስጅን እጥረቱ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ከተሰጠ ጉዳቱን ያብሳል፤ አንድ ቀን ሲቀረው ከተሰጠ ደግሞ፣ ግራ ቢያጋባም፣ አንጎሉን ይከላከልለታል፤ ሦስት ቀን ገደማ ሲቀረው ከሆነ ተመልሶ ይጎዳል። ስለዚህ እናቲቱ ኢንፌክሽን ነበራት ወይስ አልነበራትም የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። መቼ እንደጀመራትም መታወቅ አለበት።

ይህ የቆየ ክርክርን ይነካል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጆን ሊትል በ1861 ዛሬ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለውን የእንቅስቃሴ ችግር ከአስቸጋሪ ምጥና ከመታፈን ጋር አያያዙት። በ1897 ይህን የተጠራጠረው፣ በኋላ በሌላ ሙያ ስሙ የገነነው ሲግመንድ ፍሮይድ ነበር፤ አስቸጋሪው ምጥ ራሱ በጽንሱ ላይ ቀድሞ የደረሰ ነገር ምልክት ሊሆን ይችላል አለ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ ተመራማሪዎቹ ካሪን ኔልሰን እና ጁዲት ግሬዘር በካሊፎርኒያ የተወለዱ ሕፃናትን መዝገብ መርምረው በምጥ ወቅት ትኩሳት ወይም የሽርት ውሃ ሽፋን ኢንፌክሽን ከነበረባቸው እናቶች የተወለዱት ለሴሬብራል ፓልሲ ያላቸው ተጋላጭነት በብዙ እጥፍ ከፍ እንደሚል አገኙ። ፍሮይድ የጠረጠረው ነገር ከብዙዎቹ ንድፈ ሐሳቦቹ ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል ማለት ይቻላል።

«ብግነት» የሚለው የአማርኛ ቃል በገነ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ የበገነ ሰው ነበልባል ሳይታይበት ውስጥ ውስጡን ይቃጠላል። በአንጎል ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ አይርቅም። ዋናዎቹ ተዋናዮች ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በ1919 ለይተው የገለጿቸው ማይክሮግሊያ የተባሉ ህዋሳት ናቸው። ገና በጽንሱ መጀመሪያ ሳምንታት ወደ አንጎል ገብተው ይሰፍራሉ። የዘወትር ሥራቸው ሰላማዊ ነው፤ የሞተ ህዋስ ይጠርጋሉ፣ የማያስፈልጉ የነርቭ መገናኛዎችን ይገርዛሉ። የባክቴሪያ ምልክት ሲደርሳቸው ግን ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይረጫሉ። ያለጊዜው በተወለደ ሕፃን ላይ ይህ የሚጎዳው በተለይ የነርቭ ሽቦዎችን በቅባት የሚሸፍኑት ህዋሳት ገና ለጋ ሳሉ ነው፤ ለጋዎቹ እድገታቸውን ሳይጨርሱ ይቀሩና የአንጎሉ ነጭ ክፍል ይሳሳል። የማላርድ ቡድን ነጭ የደም ህዋሳት ከውጭ የሚገቡበትንም አንድ መንገድ አግኝቷል፦ የአንጎልን ፈሳሽ የሚያመነጨው ኮሮይድ ፕሌክሰስ።

ታዲያ ብግነቱን በመድኃኒት ማጥፋት መፍትሔ ይመስላል። አልሆነም። በካሊፎርኒያ የዚናይዳ ቬክስለር ቡድን በ2011 ከአይጥ ግልገሎች አንጎል ማይክሮግሊያን ሲያስወግድ፣ የደም ሥር መዘጋት ያደረሰው ጉዳት ባሰ እንጂ አልተሻለም። ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ሳንባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሰጥ የነበረው ዴክሳሜታዞን፣ ኃይለኛ የብግነት ማብረጃ ሆኖ ሳለ፣ የሴሬብራል ፓልሲን ስጋት ጨምሯል። ከማቀዝቀዝ ጋር ተደርቦ የተሞከረው ኤሪትሮፖይቲን የተባለው መድኃኒትም 500 ሕፃናት በተሳተፉበትና በ2022 በወጣው የአሜሪካ ሙከራ ጥቅም አላሳየም።

ማቀዝቀዙ ራሱ ብግነት ባለበት አንጎል ላይ ይሠራል ወይ የሚለውን የተመራማሪዋ የማሪያን ቶረሰን ቡድን በአይጥ ግልገሎች ሞክሯል። ኢንዶቶክሲን በቀደማቸው ላይ አልሠራም፤ የሌላ ዓይነት ባክቴሪያን ምልክት የሚመስል ውህድ በቀደማቸው ላይ ግን ሠርቷል። በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ 408 ሕፃናት የተሳተፉበት ሄሊክስ የተባለው ሙከራ በ2021 ውጤቱን ሲያወጣ ደግሞ፣ ከቀዘቀዙት 42 በመቶ፣ ካልቀዘቀዙት 31 በመቶ መሞታቸው ታወቀ። ምክንያቱ እስካሁን ያከራክራል፤ ብግነት፣ የእናቶች የምግብ እጥረትና ከምጥ በፊት የጀመረ ጉዳት ሁሉም ይነሳሉ። አጥኚዎቹ ግን ዘዴው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንዳይሰጥ መክረዋል። መታፈን፣ ያለጊዜ መወለድና ኢንፌክሽን የአራስ ሞት ዋና ምክንያቶች የሆኑባትን ኢትዮጵያንም ይህ ምክር ይመለከታል። በእንዲህ ያለ ቦታ ለአንጎሉ ሊደረግ የሚችለው አብዛኛው ነገር ያለው ከወሊዱ በፊትና በወሊዱ ደቂቃ ነው፦ በምጥ ወቅት የጽንሱን የልብ ምት መከታተል፣ ትኩሳት ያላትን ወይም የሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ የቆየችን እናት በጊዜ በአንቲባዮቲክ ማከም፣ ላልተነፈሰው ሕፃን በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ አየር መስጠት።