ከጋራዥ የወጣ መኪና ሲጨስ
ልጆቿን አሳፍራ ከባሕር ዳር በዱርቤቴ በኩል ወደ ቁንዝላ ለመሄድ የተነሣች እናት፣ ትናንት ከጋራዥ የወጣው አሮጌ መኪናዋ ሲጨስ ብታይ ምን ታድርግ? ብዙዎቻችን ነገሩን ለመካኒክ እንተወዋለን። ዳሩ ግን ጭስ እንደ ሕፃን ልቅሶ ነው፤ ላወቀበት ምክንያቱን ይናገራል።

ጧት ሞተሩ ሲነሣ ታይቶ ወዲያው የሚጠፋ ነጭ ጭስ የውሃ እንፋሎት ስለሆነ አያስደነግጥም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ውሃ ሳያሳልፍ አይቀርምና ጉዞው ይቅር።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። በጥገናው ጊዜ ማርሚታ ውስጥ የቀረ ዘይት ከሆነ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ይጠራል። ከቀጠለ ግን የፒስተኑ ፋሻ ሊመረመር ይገባል። የዘይቱን መጠን በየጊዜው ለክቶ መመዝገብ ለመካኒኩ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል። የጣና ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። የአየር ማጣሪያው ይጽዳ፤ ካርቡራተሩም ይስተካከል።

ከሁሉ የሚከፋው የማይታየው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ሳይኖረው ይገድላል። ስለዚህ በተዘጋ ጋራዥ ሞተር አይነሣ፤ ማርሚታው በተቀደደ መኪና ልጅ አይሳፈር። በመንገድ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ሞተሩን አጥፍታችሁ ሁላችሁም ውረዱ፤ ወደ ሐኪምም ሂዱ።

እናቶች፣ የጥገናው ገንዘብ ከቤት ወጪ የተቆረጠ ነው። ሞተሩ ሞቆ ጭሱን ሳታዩ መኪናውን አትረከቡ።