የደረቀ እህል ለምን ተመልሶ ይረጥባል?

በአንድ የምንሠራበት ቀበሌ ለዘርና ለክፉ ቀን የተቀመጠ በቆሎ ሻግቶ አገኘነው። ሲገባ ደረቅ ነበር፤ ጣራው አላፈሰሰም፤ ጎርፍም አልነካውም። ጥፋቱ የእኛው ነበር። «አየር ያግኝ» ብለን ክረምቱን ሙሉ የመጋዘኑን በርና መስኮት ከፍተን ትተነው ነበር። ውኃውን ያመጣው ያው አየር ነው።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። የእንጨት በር በክረምት አብጦ አልዘጋ ይላል፤ በበጋ ይላላል። የከበሮ ቆዳም በእርጥብ ቀን ስለሚላላ እሳት ዳር ካልሞቀ ድምፁ አይጠራም። እህልም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ከአየሩ እርጥበት ይቀበላል፤ ለአየሩም ይሰጣል። አየሩ እርጥብ ሲሆን የሚቀበለው ይበዛል፤ ደረቅ ሲሆን የሚሰጠው ይበዛል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ በዚያው ይረጋል።

በ25 ዲግሪ ሙቀት አየሩ ሊሸከም ከሚችለው እርጥበት 40 በመቶውን ሲይዝ በቆሎ 10 በመቶ ገደማ ውኃ ይዞ ይረጋል። አየሩ 70 በመቶ ሲደርስ በቆሎው ከ13 እስከ 14፣ 80 ሲደርስ ደግሞ 16 በመቶ ያህል ይይዛል። ሻጋታ የሚያይለው አየሩ ከ70 በመቶ ሲያልፍ ነው። ቅባት ያለው ኦቾሎኒ ግን በዚያው 70 በመቶ አየር የሚረጋው በ7 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ለበቆሎ የሚበቃ ድርቀት ለኦቾሎኒ አይበቃም።

አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ ቢቀቀልም አይጠፋም። ስለሆነም የሚከተለውን እንድታደርጉ እናሳስባለን።

1. በቆሎ ከመከተቱ በፊት በጨው ይፈተን። በደረቅ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ በቆሎና ጥቂት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ ነቅንቁ፤ ከዚያ 15 ደቂቃ አቆዩት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ውኃው ከ15 በመቶ በላይ ነውና እንደገና ይሰጣ። ጨው ባይጣበቅም ከ13 በመቶ በታች እስኪወርድ ማድረቁ ይቀጥል።

2. ጆንያው ከወለልና ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደር።

3. በርና መስኮት የሚከፈተው ፀሐይ ወጥቶ የውጭው አየር ሲደርቅ ብቻ ነው። በዝናብ፣ በሌሊትና በጭጋግ ይዘጋ።

4. አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት ጥሩ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ለደረቀ እህል ነው። እርጥቡ ቢታሸግ እርጥበቱ መውጫ ያጣል።

ማድረቅ የሥራው ግማሽ ነው። የደረቀውን ከእርጥብ አየር መጠበቅ ሌላው ግማሽ ነው።