ተጨማሪ መረጃ፦ የኪራይ ቤት ስሌት
በአዲስ አበባ የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ ተቀብሎ ቤቱን ቀለም ማስቀባት፣ የተሰበረውን ሲንክ መቀየር ለአከራይ የተለመደ ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ገደበ። ውሉም ከ2 ዓመት አያንስም፤ የጭማሪውን ጣሪያ የሚወስነው ተቆጣጣሪው አካል ነው፣ ያውም በዓመት አንዴ።

የሚያከራየውን ቤት በባንክ ብድር ለገዛ ሰው ስሌቱ ጠበቅ ይላል። ኪራዩ በወር 20,000 ብር ቢሆን በዓመት 240,000 ይመስላል፤ ተከራይ ለቆ ቤቱ 1 ወር ባዶውን ከከረመ 220,000 ብቻ ነው (ይህን ወር አስቀድሞ የሚያስብ አከራይ ጥቂት ነው)። ከዚያ ላይ ግብር፣ የቧንቧ ጥገናና የደላላ ኮሚሽን ይነሳል። የብድሩ ወለድ ተከራይ ኖረም አልኖረም ይቆጥራል።